ጾም ላይ የደቡብ ሕንድ ቡፌ፦ እናቴ የትኛውን ሳትሰጋ ትብላ?

የእማዬ ልጅ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝምብኛል፣ ታገሱኝ።

እናቴ ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከጎንደር መጣች። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። እሷ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሽሮዋን እየሠራች ትውላለች። አንድ ቀን እንኳ ላውጣት ብዬ የሐበሻ ቤት እንሂድ ስላት፣ «እሱንማ እኔው እሠራልሽ የለ፤ ምን ብር ታወጫለሽ» አለችኝ። ሌላ ምግብ ቤት ደግሞ አትደፍርም። ሥጋ በነካ ቢላ የተከተፈ ሽንኩርት እንኳ አይወርድላትም።

መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትሠራ የደቡብ ሕንዷ ቼናይ ከተማ ልጅ አለች። ነገሩን ስነግራት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ጭራሽ የማይገባበት የደቡብ ሕንድ ቤት ጠቆመችኝ። ምሳ ላይ ቡፌ ነው፤ እስኪበቃህ ታነሳለህ። ቅዳሜ ሄድን። ለሁለታችን ከነቲፑ 40 ዶላር አልሞላም። በዚህ ኑሮ ይሄ ርካሽ ነው።

እማዬ መጀመሪያ የጠየቀችው እጅ መታጠቢያውን ነው። ታጥባ ስትመለስ ዙሪያዋን ቃኘች። ሰዉ ሁሉ በእጁ ይበላል። ፊቷ ፈታ አለ። ሹካውን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

ኢድሊ የሚሉት ነጭ፣ ክብ፣ በእንፋሎት የሚበስል ነገር አለ። በጣቷ ጫን አድርጋ አየችው። ቀመሰችና «ኮምጠጥ ይላል፤ ይሄ ሊጡ ያደረ ነው» አለች። ዶሳ የሚሉትን ስስ ቂጣ ቡፌው ላይ አያስቀምጡትም። ከምጣድ እንደወጣ ትኩሱን ጠረጴዛ ድረስ ያመጡልሃል። እሷ ገልብጣ ጀርባውን አየችና «ዓይን አለው እኮ!» ብላ ጠራችኝ። ሳምባር የሚሉት የክክ ወጥ ውስጥ ደግሞ እንደ እንጨት ያለ አረንጓዴ ነገር አገኘች። ልታወጣው ስትል አስተናጋጁ መጣና በምልክት አሳያት፤ ሰንጥቀሽ ውስጡን በጥርስሽ ግፈፊው፣ ልጡን ተዪው። «እንደ ሸንኮራ» አለች። ሦስቱንም ግፍፍ አድርጋ ልጡን ከሳህኗ ዳር ደረደረችው።

እዚህ ድረስ ደስ ይል ነበር።

አንድ ለስላሳ፣ ቢጫ፣ እንደ ገንፎ ያለ ሩዝ ነበረ። ፖንጋል ይባላል። ፊት ለፊቱ ያለው ካርድ «ቪጋን» ይላል፤ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም የለበትም ማለት ነው። እማዬ ወደደችው፤ ሁለቴ አነሳች። እኔም ቤት ልሠራላት ብዬ አስተናጋጁን አሠራሩን ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ «ዋናው ጊ ነው፣ ብዙ ጊ» አለኝ። ቅቤ ማለቱ ነው። ካርዱን ሳሳየው «ውይ፣ ተቀያይሮ ነው» አለ። ካርዱን አንስቶ ሌላው ምግብ ፊት አኖረው። በቃ፣ ይኸው ነው።

እማዬ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ግን ፊቴን አይታ ገባት። እጇን ሰበሰበች። ቤት እስክንገባ ምንም አላለችም። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ለአባ ነገረቻቸው። «ሳታውቂ ነው፤ ለወደፊቱ ግን ጠይቂ» አሏት። እሷ እኔን አልወቀሰችም። እኔ ግን እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

እንደገና ልወስዳት እፈልጋለሁ። የምታውቁ ካላችሁ፣ የትኛውን በእርግጠኝነት ትብላ? የትኛውን ጭራሽ አትንካ? ስጠይቃቸውስ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ምጥን

እህቴ፣ አይቆጥቁጥሽ። እናትሽን ማውጣትሽ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ደቡብ ሕንዶች ኩሽና ውስጥ 4 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለሕንዶች ቬጀቴሪያን ማለት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት ማለት ነው። ወተት፣ እርጎና ቅቤ ግን በደንብ አለበት። ጊ የሚሉት የኛው ንጥር ቅቤ ነው፤ ኮሰረትና ኮረሪማ አይገባበትም እንጂ። ስለዚህ «ቬጀቴሪያን ነው ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ሁሌም «አዎ» ነው መልሱ። «ጊ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎ አለበት ወይ?» ብለሽ አራቱንም በስማቸው ጥሪ። እርጎን እነሱ «ከርድ» ነው የሚሉት። ዮገርት ብትያቸው ጣፋጩን የታሸገውን ሊመስላቸው ይችላል።

አሁን ወደ ምግቡ። ኢድሊ ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ አድሮ የሚበስል ነው። በራሱ ጾም ነው። አንዳንድ ቤት ላዩን ጊ ይቀቡታል፤ ሲያብረቀርቅ ካየሽ ጠይቂ። ቫዳ፣ ያ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ጥብስ፣ ኡራዱ ብቻ ተፈጭቶ በዘይት ይጠበሳል፤ ትብላው። እርጎ ውስጥ የተነከረ ቫዳም ስላለ እሱን ተጠንቀቂ። ራሳም የሚሉት ቀጭን ሾርባ ቲማቲም፣ ሁመርና ቁንዶ በርበሬ ነው። ጉንፋን ለያዘው ሰው እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ! የሎሚ ሩዝና የሁመር ሩዝ ብዙ ጊዜ በዘይት ነው። ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ጥቅል ጎመኑ በሰናፍጭ ፍሬና በተፈቀፈቀ ኮኮናት ሲጠበስ ፖሪያል ይሉታል። እሱም በዘይት ነው።

ዶሳ ላይ እዘዢ እንጂ ዝም ብለሽ አትቀበይ። «በዘይት፣ ያለ ጊ» በያቸው። ትኩስ ስለሚጋገር ያደርጉልሻል። ራቫ ዶሳ የሚባለው ሊጡ ውስጥ አሬራ የሚጨምሩበት ቤት አለ።

የማትነካው፦ ፖንጋል (አይታዋለች)፣ እርጎ ሩዝ፣ አቪያል፣ ኬሳሪ የሚሉት የሰሞሊና ጣፋጭ፣ ፓያሳም የሚሉት የወተት ጣፋጭ፣ ናን የሚሉት ዳቦ፣ ፓኒር (አይብ) ያለበት ሁሉ። አቪያል ብዙ ሰው ያሳስታል። አትክልትና ኮኮናት ብቻ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እርጎ አለበት።

መሐል ላይ የቀሩት ሳምባርና ቻትኒ የሚሉት የኮኮናት ማባያ ናቸው። ሳምባር ብዙ ቦታ በዘይት ነው። ግን መጨረሻ ላይ ሰናፍጩንና ቅጠሉን በጊ የሚያቁላሉ አሉ። ቻትኒውንም በእርጎ የሚያቀጥኑ አሉ። እነዚህን ሁለቱን አስተናጋጁን ሳይሆን ኩሽና ያለውን ሰው አስጠይቂ። አስተናጋጅ ደንበኛ ደስ እንዲለው «የለበትም» ሊል ይችላል። ምግብ የሠራው ሰው ግን የጨመረውን ያውቃል።

አዲስ ገቢ

እኔ «ቬጀቴሪያን» የሚል ካየሁ ጾም ነው ብዬ ስበላ ነው የከረምኩት። ምጥን፣ እግዜር ይስጥሽ። ናን ውስጥ ወተት ይኖራል ብዬ አስቤም አላውቅ።

ምጥን

አዎ፣ እርጎ ወይም ወተት ይገባበታል። ዳቦ ካማረህ ፑሪ ብላ። ዱቄትና ውኃ ነው፤ በዘይት ይነፋል። ደግሞ እወቀው፣ ናን የሰሜኖቹ ነው። የደቡቦቹ ቡፌ ላይ የሚቀመጠው ለእንግዳ ተብሎ ነው።

ቪዛግ ላይ የተማረ

የኔን ልጨምር። ማስተርሴን የሠራሁት አንድራ ፕራዴሽ፣ ቪዛካፓትናም ነው። በኛ ጊዜ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ሐበሻ ሞልቶ ነበር። ጾም ሲገባ ሁላችንም በቋንቋቸው ሦስት ቃል እናጠና ነበር። በቴሉጉ ጊ «ነዪ»፣ እርጎ «ፔሩጉ»፣ ወተት «ፓሉ» ነው። በታሚል ደግሞ «ነይ»፣ «ታይር»፣ «ፓል»። የደቡብ ሕንዷ ኬረላ ሰዎች ቋንቋ ማላያላምም ከታሚሉ ብዙ አይርቅም። እናትሽ «ነይ»ን አትረሳውም። አሜሪካም ቢሆን አስተናጋጁ በራሱ ቋንቋ ሲጠየቅ ነገሩን ከልቡ ይይዘዋል።

ለእማማ ደግሞ ፔሳራቱ እዘዢላቸው። የአንድራ ዶሳ ነው፤ ከሩዝ ሳይሆን ከአረንጓዴ ማሾ ነው የሚሠራው። ዝንጅብልና ቃሪያ አለበት። ቡፌ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ከሜኑ ግን ይገኛል። እኔ ፈተና ሰሞን ጠዋት ጠዋት እሱን በልቼ ነው የምወጣው።

እናትሽ የገፈፉት እንጨት የሽፈራው ፍሬ ነው። የኛዎቹ ኮንሶዎች ቅጠሉን ቀቅለው ይበሉታል። የሕንዱ ሌላ ዝርያ ነው፤ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እኛ ቅጠሉን፣ እነሱ ዘንጉን።

የእማዬ ልጅ (ቨርጂኒያ)

ሽፈራው ነው! ለእማዬ ነገርኳት። «አላልኩሽም? መድኃኒት መድኃኒት ይላል» አለች። ምጥን፣ የጻፍሽውን በወረቀት ገልብጬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት።

አስታማሚ ነበርኩ (አዲስ አበባ)

ወንድሜን ለኩላሊት ሕክምና ቼናይ ይዤው ሄጄ አንድ ወር ከሁለት ሳምንት ተቀምጫለሁ። የምበላው እዚያው ሆስፒታሉ ጀርባ ካለች ትንሽ ቤት ነበር። ቡፌ አይደለም። «ሚልስ» ይሉታል። ዋጋው አንድ ነው። አንተ ቁጭ ትላለህ፣ እነሱ ባልዲና ጭልፋ ይዘው እየዞሩ ይጨምሩልሃል። በቃኝ እስክትል አያቆሙም። 120 ሩፒ አካባቢ ነበር የምከፍለው።

መጀመሪያ የሙዝ ቅጠል ያነጥፉልሃል። አንተ ውኃ ረጭተህ በእጅህ ትጠርገዋለህ። ከዚያ ጨውና አቻር የሚሉት ኮምጣጣ ማባያ ከላይ፣ አትክልቶቹ ቀጥሎ፣ ሩዙ ከታች መሐል። ሩዙ ላይ ክክ ያፈሱና ወዲያው አንዱ ትንሽ ዕቃ ይዞ መጥቶ ጊ ጠብ ያደርግበታል። ሳትጠይቀው ነው የሚያደርገው፤ ክብር ነው ለነሱ። ስለዚህ እኔ ሩዜን በመዳፌ ሸፈን አድርጌ «ነይ ቬንዳም» እል ነበር። ጊ አልፈልግም ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሽማግሌው አስተናጋጅ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ሐኪም ከልክሎህ ነው ወይ? ጾም ነው፣ ለእግዚአብሔር ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስገባ ጊ የያዘውን ልጅ ከሩቅ በእጁ ይመልሰዋል። እርጎውንም አያመጣብኝም፤ በምትኩ ራሳም ይደግመኛል። ወንድሜ ክፉኛ ታሞ ስለነበር ያኔ ማንም ሰው እንደዚያ አላሰበልኝም። ስሙን ሳልጠይቀው ነው የመጣሁት። እስካሁን ይጸጽተኛል።

በልተህ ስትጨርስ ቅጠሉን ወደ ራስህ ታጥፈዋለህ። ጠግቤያለሁ፣ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ጋሽ መምህር

ልጆች፣ በምታወሩት ነገር ወጣትነቴን አስታወሳችሁኝ። ጅማ ስማር የፊዚክስ አስተማሪያችን የኬረላ ሰው ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ አገራችን ውስጥ ከኬረላ የመጡ መምህራን ያልደረሱበት አውራጃ የለም ማለት ይቻላል። እኔን ጨምሮ ስንቱ ሒሳብና ሳይንስ የተማረው ከነሱ ነው።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል አምስት ተማሪዎችን ቤታቸው ጠሩን። ኦናም የሚባል በዓላቸው ነው፤ የመከር በዓል ነው። ባለቤታቸው ከጓሮ የሙዝ ቅጠል ቆርጠው መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ደረደሩት። ስንት ዓይነት እንደነበር አልቆጠርኩም። እኔ የደነቀኝ መምህራችን ራሳቸው ጎንበስ ብለው ለኛ ለተማሪዎቻቸው ሲጨልፉ ነው። በክፍል ውስጥ ቁጡ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን «ብላ፣ ብላ» እያሉ በአማርኛ ይለምኑናል። ልክ እንደ እናቶቻችን ጉርሻ።

ያን ጊዜ ፍልሰታ ስለነበረ አንዱ ጓደኛችን አይበላም ብለን ፈርተን ነበር። ባለቤታቸው ያለ እርጎና ያለ ቅቤ የተሠራውን ለይተው አሳዩት። እነሱ ራሳቸው በሃይማኖታቸው የሚጾሙ ስለሆኑ ነገሩን ማስረዳት አላስፈለገንም። ልጄ፣ እናትሽን መልሰሽ ውሰጃቸው።

የደብሩ ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጾም እኮ ለቡፌ አይደለም። ጾም መከልከል ነው። «የፈለጉትን ያህል» የሚባል ቦታ ሄዶ አራት ሳህን አንስቶ «ቅቤ የለበትም» ማለት ለኔ አይዋጥልኝም። ሁላችንም ቅቤውን ስንፈልግ ዋናውን እየረሳን እንዳይሆን።

ሹፌሩ

ወንድሜ፣ ሀሳብህ ገብቶኛል። ግን ሁሉም ሰው አራት ሳህን አያነሳም። እኔ ታክሲ እነዳለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ከዚያ በኋላ አንዴ ነው የምበላው። ቺፕስ እየበላሁ ከምውል አንድ ሳህን ሩዝና ሳምባር ብበላ ለሥራዬም ለጾሜም ይሻለኛል።

ችግሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ቡፌውን የሚያነሱት ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ባለው ነው። ልክ የኔ ሰዓት ሲደርስ ትሪዎቹን ይሰበስባሉ። ሜሪላንድ፣ ላንግሊ ፓርክ በኩል የደቡብ ሕንድ ቤቶች ከድሮም አሉ። እዚያ የማውቃቸው አንድ አሮጊት ባለቤት ሁኔታዬን ነግሬያቸው ከማንሳታቸው በፊት በፕላስቲክ ያስቀምጡልኝ ጀመር። በኪሎ አይመዝኑም፤ የቡፌውን ዋጋ ብቻ ነው የሚያስከፍሉኝ። ሁሉም ቤት ይሄን አያደርግም። ስልክ ደውሎ መጠየቅ ግን አይጎዳም።

ጋሽ መምህር

ለደብሩ ልጅ፦ ስለ መጠኑ ያልከው ትክክል ነው፤ እኔም ለልጆቼ የምነግረው ነው። ግን የልጅቷ ጥያቄ ስለ መጠን አልነበረም። አንዲት እናት አገር አቋርጣ መጥታ ቤት ተዘግቶባት ስትውል፣ ከሰው መሐል ተቀምጣ ሳትሳቀቅ እንድትበላ ነው። እሱን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለው አይመስለኝም።

የደብሩ ልጅ

እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። እህቴ፣ አንቺን ለመንቀፍ አይደለም። እናትሽን በቅዳሜና በእሁድ ውሰጂያቸው። በሁዳዴ በሁለቱ ቀናት እስከ 9 ሰዓት አይጾምም፤ ከቅዳሴ መልስ መብላት ይቻላል። ከቅዳም ሥዑር በስተቀር። ስለዚህ የሹፌሩ የሰዓት ችግር እናንተን አይነካችሁም።

ዱባይ ካራማ

እኛ ጋ ደግሞ የደቡብ ሕንድ ቬጀቴሪያን ቤት ካራማና ቡር ዱባይ ውስጥ በየመንገዱ ነው። ቢሮ ጽዳት ነው የምሠራው። ረቡዕና ዓርብ የምበላው እዚያ ነው። ምግቡ በክፍልፋይ ትሪ ይመጣል፤ ሩዝና ሳምባር ያስጨምሩሃል። አጠገቤ የሚቀመጡት የሕንድ የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። ማንም ማንንም አያይም። ሁሉም በእጁ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ወደ ሥራ። ብቻዬን የበላሁ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢድሊ ስትበሉ «ፖዲ» በሉ። የተቆላ ጥራጥሬና በርበሬ የተፈጨ ነው። በሰሊጥ ዘይት ነው የሚለወሰው። አንዳንዴ በጊ ይለውሱታል፤ ደረቁን አምጡልኝ በሉና ዘይቱን ራሳችሁ አፍስሱ።

ከፋ

ስለ ቡናው ማንም አላነሳም! ከምሳ በኋላ ፊልተር ቡና የሚሉትን በብረት ኩባያ ያመጣሉ። ከሥሩ ጠርዙ ሰፊ የሆነ ሌላ ዕቃ አለው። ከአንዱ ወደ አንዱ ከፍ አድርገው እየገለበጡ ነው የሚያቀዘቅዙት። አረፋው ያምራል። ግን ወተት አለበት፤ ለጾም ጥቁሩን ነው ማዘዝ። ቺኮሪ የሚባል ሥር ተቆልቶ ስለሚቀላቀልበት ጣዕሙ ከኛ ይለያል።

የሕንዱ ቡና ታሪክ ራሱ ከኛ ይጀምራል። ከኛ ወደ የመን ተሻገረ። ባባ ቡዳን የሚባሉ የሙስሊም ሰው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሐጅ ሲመለሱ ከየመኗ ሞካ ሰባት ፍሬ ደብቀው አምጥተው ካርናታካ ውስጥ ቺክማጋሉር ተራራ ላይ ተከሉ ይባላል። ተራራው እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እናትሽ ያን ኩባያ ሲያዩ ይሄን ንገሪያቸው።

ምጥን

ከፋ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። እኔም ከረሳሁት አንድ ልጨምር። እናትሽ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የማይስማማቸው ከሆነ የኡዱፒ አሠራር የሚባል አለ። ኡዱፒ ካርናታካ ውስጥ ያለች የክሪሽና ቤተ መቅደስ ከተማ ናት። ለተሳላሚው ከሚበስለው ምግብ ነው የተነሳው። በቤተ መቅደሱ ደንብ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይገባም። ብዙ ቤቶች ስሙን ይዘውታል፤ ደንቡን ግን ሁሉም አይጠብቁትም።

የእማዬ ልጅ (ቨርጂኒያ)

ቤቶች፣ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ሄድን። ያው ቤት። ሌላ ቤት እንሂድ ብላት እማዬ እምቢ አለች። «ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ካርዱ ነው የተሳሳተው» አለች።

ወረቀቷን ከቦርሳዋ አወጣች። እኔ ሳልጀምር ራሷ እያንዳንዱ ትሪ ፊት ቆማ ጣቷን እየቀሰረች «ነይ?» ትለዋለች። አስተናጋጁ በመጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቀ። የታሚል ልጅ ነው ለካ። ከኩሽና አንዲት ሴት ጠርቶ አመጣ፤ ምግብ የምትሠራዋ እሷ ናት። ሁለቱ ሴቶች ያለ ቋንቋ ተግባቡ። ሳምባሩ ላይ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ይቻላል። ቻትኒው ላይ እጇን አወዛወዘች፤ አይቻልም። እማዬ ሁለት ኢድሊ፣ አንድ ቫዳ፣ ጎመኑንና የሎሚ ሩዙን አነሳች። አንድ ሳህን። ፍርፋሪ አልቀረም። የደብሩ ልጅ፣ ያንተንም ነግሬያት ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ስንመለስ ሕንድ ሱቅ ገብታ ኡራድና ሩዝ አስገዛችኝ። ሦስት እጅ ሩዝ ለአንድ እጅ ኡራድ፣ ትንሽ አብሽ ጣል አድርጋ ዘፍዝፋዋለች። ለየብቻ ነው የምንፈጨው አይደል? ቤቴ ይበርዳል፤ እስከ ጠዋት ኩፍ ይላል ወይ?

ምጥን

ለየብቻ ፍጩት። ኡራዱ እንደ አረፋ እስኪሆን፣ ሩዙ ግን ትንሽ ሻካራ ይሁን። ቀላቅላችሁ ጨው ጨምሩና በእጅ አሹት። ዕቃው ሰፊ ይሁን፣ ይገነፍላል። ምድጃውን ሳትለኩሺ የውስጡን መብራት ብቻ አብሪና ሊጡን እዚያ አስቀምጪው። ጠዋት ታገኚዋለሽ።

የእማዬ ልጅ (ቨርጂኒያ)

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ እማዬ ቀስቅሳኝ ነው የምጽፈው። ገንፍሎ የምድጃውን ወለል ሞልቶታል። እሷ ጨርቅ ይዛ እየጠረገች «መጣ! መጣ!» ትላለች። ምጣዱን ጥጃለሁ።